ላገር የደከሙ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ስለሚገባቸው መታሰቢያ

ሰው ሁሉ ሟች እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ የተከበረ ሰው በሞተ ጊዜ ከሥጋው ጋራ ሌላ ምን እንደሚቀበር የሚያስቡ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። የሁለት መንደር ወሰን በየትኛው ድንጋይና በየትኛው ወይራ ሥር እንደሚያልፍ፣ ምንጩን መጀመሪያ ማን ቈፍሮ እንዳወጣው፣ ደም ተቃብተው የነበሩ ሁለት ወገኖች በምን ቃልና በማን ዋስትና እንደ ታረቁ፣ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ በአንድ ሽማግሌ ልብ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ይኖራል። ሽማግሌው ሲሞቱ ዕውቀቱም አብሯቸው ወደ መቃብር ይወርዳል። እንዲሁም የመንደሩን ልጆች ሁሉ በእጃቸው የተቀበሉ አዋላጅ ባልቴት ሲሞቱ፣ ማን በየትኛው ክረምት እንደ ተወለደ የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል።

ስለዚህ ለሞተ ሰው የሚደረገው ክብር ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሟቹን በልቅሶና በጸሎት መሸኘት ነው፤ ይህን ያገራችን ሰው አሳምሮ ያውቃል። ሁለተኛው ሟቹ የሠራውን ሥራ ለሚመጣው ትውልድ ማቆየት ነው፤ ይህ ግን ገና ብዙ ይጐድለዋል። ይህች ጽሑፍ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንዲሁም በአካባቢው ባለው አገር የሞቱ ታላላቆች እንዴት እንደሚከበሩ ታስረዳለች፤ ቀጥላም የጐደለውን ለመሙላት የትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ መጻፍ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ታመለክታለች።

ስለ ልቅሶ

ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ነፋስ መውጫ፣ ስሟ ራሱ እንደሚናገረው፣ ነፋስና ብርድ የሚበዛባት የደጋ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። በዚህ አገር ቤት ከቤት የተራራቀ፣ መንደር ከመንደር በገደልና በሸለቆ የተለየ ስለ ሆነ፣ ሰው ብቻውን መኖር አይችልም። ይልቁንም ብቻውን መቀበር አይችልም። ስለዚህ ልቅሶ መድረስ እንደ ዕዳ የሚቈጠር ታላቅ ግዴታ ነው። በሠርግ ያልተገኘ ይቅርታ ያገኛል፤ ከልቅሶ የቀረ ግን ለብዙ ዘመን ይታማል።

ሰው የሞተ እንደ ሆነ ጎረቤት ፈጥኖ ይሰበሰባል። ገናዦች ሬሳውን አጥበው ይገንዛሉ፤ ጐበዞች መቃብር ይቈፍራሉ፤ ሴቶች ለእንግዳው ውሃ ይቀዳሉ፤ እህል ያዘጋጃሉ። በሩቅ አገር ላለ ዘመድ ነገሩ በድንገት አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ወደ ቤቱ ይሄዱና መርዶውን ይነግሩታል፤ እንዳይወድቅም ይደግፉታል። ከቀብር በኋላ ጎረቤቶች እዝን ይዘው ወደ ኀዘንተኛው ቤት ይመላለሳሉ፤ እሳት የማይነድበት ቤት በሌላው ሰው እሳት እንዲበላ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ ያለ ጽሑፍና ያለ አዛዥ የሚፈጸም ሥርዐት ነውና ሊመሰገን ይገባዋል።

በልቅሶው ሜዳ የሟቹን ታሪክ የምትናገር አልቃሽ ናት። አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት የሟቹን ዘር፣ ሥራውንና የተዋቸውን ልጆች ጠይቃ ትረዳለች። ከዚያ በኋላ በቤት በሚመታ ግጥም ቸርነቱን፣ ጀግንነቱን፣ አስታራቂነቱን ትዘረዝራለች፤ ሕዝቡም እያለቀሰ ይቀበላታል። ሟቹ በጦር ሜዳ የዋለ ሰው የሆነ እንደ ሆነ በቀድሞ ዘመን ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ ወይም ጠመንጃው ወጥቶ በልቅሶው መካከል ይታይ ነበር፤ ወዳጆቹም ቀረርቶና ፉከራ ያሰሙለት ነበር። ይህም ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ፊደል ባልተስፋፋበት አገር ፈረሱና ጋሻው እንደ መጽሐፍ ሆነው ታሪኩን ለሕፃናቱ ያስነብቡ ነበር።

እንግዲህ አልቃሽ የመንደሩ ታሪክ ጸሐፊ ናት ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጽሑፏ በአየር ላይ ነው። የልቅሶው ሜዳ በተበተነ ጊዜ ከግጥሙ ሁለት ወይም ሦስት ቤት በሰው አፍ ይቀራል፤ ሌላው ይጠፋል። አልቃሿ ራሷ በሞተች ጊዜ ደግሞ በሕይወቷ ያወረደችው ሙሾ ሁሉ አብሯት ይሄዳል። ስለ ሌላው ሰው ስታለቅስ ለኖረችው ሴት እርሷን የሚያህል አልቃሽ አይገኝላትም።

ስለ ጸሎትና ስለ ዜማ

በክርስቲያኑ ዘንድ የሟቹ ዋና ክብር ጸሎተ ፍትሐት ነው። ካህናቱ መጽሐፈ ግንዘትን ይዘው ይመጣሉ፤ ሬሳው ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም በመንገድ ሰባት ጊዜ እያረፈ ጸሎት ይደረስለታል። በዚህ ጸሎት የሚጠራው ሟቹ በዓለም የሚታወቅበት ስም ሳይሆን የክርስትና ስሙ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ የክርስትና ስሙን ሳያውቅ ቢቀር ወይም ቢረሳ ካህናቱ ይቸገራሉ። የነፍስ አባቱም በሩቅ አገር ካለ ወይም ቀድሞ ከሞተ፣ ስሙን የሚያውቅ ለማግኘት ሰው ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ አንድ ቃል በወረቀት አለመጻፉ ምን ያህል ጭንቀት እንደሚያመጣ ያሳያል።

የጋይንት አገር በዚህ ነገር ከሌላው አገር የተለየ ክብር አለው። በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ደረሳቸው ከሚባሉት አምስት የዜማ መጻሕፍት አንዱ መዋሥዕት ይባላል። መዋሥዕት በተለይ ለሙታን ፍትሐትና ለተዝካር የሚዜም ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤትም በጋይንት የሚገኘው ዙር አምባ ነው። የድጓው ምስክር ቤት ደግሞ በዚያው በጋይንት ያለው ቤተ ልሔም ነው። ከሩቅ አገር የሚመጡ ተማሪዎች በእነዚህ ቦታዎች ብዙ ዓመት ተቀምጠው፣ ዜማቸው ከምልክቱ ሳይወጣ እንደ ተማሩት መሆኑ ከተመሰከረላቸው በኋላ ወደየአገራቸው ይመለሳሉ። እንግዲህ ለሙታን የሚዜመው ዜማ ሳይለወጥ እንዲኖር የሚጠብቁት የዚህ አገር ሊቃውንት ናቸው።

ከዚህ ነገር አንድ ትምህርት ይገኛል። ዜማው ይህን ያህል ዘመን የኖረው ሰው ሁሉ ጐበዝ አስታዋሽ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም። በብራና ተጽፎ፣ በፊደሉ ላይ ምልክት ተደርጎለት፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በምስክር ስለ ተላለፈ ነው። ጽሕፈትና ምስክር ባንድነት ሲሆኑ ነገር ይጸናል። ቅኔ ግን ሌላ ነው። ታላቅ መምህር በሞተ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ በኀዘን ቅኔ ይቀኙለታል። ነገር ግን የቅኔ ሥርዐት ሁልጊዜ አዲስ እንዲሆን እንጂ የተባለው እንዲደገም ስለማይፈቅድ፣ ሰምቶ ያልጻፈው ሰው ከሌለ ያ ሁሉ ምስጋና በዚያው ቀን ያልፋል።

በዚሁ አገር የሚኖሩት እስላሞች ሟቻቸውን አጥበው ከፍነው፣ ሶላት ሰግደው፣ ሳይውል ሳያድር ለመቅበር ይፈጥናሉ፤ ከዚያም በኋላ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ለድኾችም ሰደቃ ይሰጣሉ። ክርስቲያኑ ለእስላሙ ልቅሶ፣ እስላሙም ለክርስቲያኑ ልቅሶ መድረሱ ያገሩ የቈየ ልማድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ መጻፍ የሚነገረው ምክር ለሁለቱም ወገን እኩል ነው።

ስለ ተዝካር

ከቀብር በኋላ የመታሰቢያ ቀኖች ይቈጠራሉ። እነዚህም ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ እስከ ሰባት ዓመትም የሚባሉት ናቸው። ከእነርሱ ይልቅ የአርባው ቀን ተዝካር በሕዝቡ ዘንድ ይከበራል። የተዝካር መሠረቱ ጸሎትና ቅዳሴ፣ ለድኻም ምጽዋት ነው። ስሙም ማስታወሻ ማለት ነው።

ሆኖም በብዙ ቦታ ድግሱ ከመሠረቱ በልጦ ይታያል። አንድ ገበሬ ሰው እንዳያማው ብሎ ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን ያርዳል፤ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ለጠላ ያውላል፤ የጐደለውንም በአራጣ ይበደራል። ክረምት በመጣ ጊዜ በቀረው አንድ በሬ መቀናጆ እየፈለገ በሰው ደጅ ይቆማል፤ እርሻውም ከወቅቱ ያልፋል። በዚህ ጊዜ የሟቹ ልጆች አባታቸውን የሚያስታውሱት በዕዳው ይሆናል። ሟቹ በሕይወት ሳለ የደከመው ልጆቹ እንዳይራቡ ነበረና፣ ስለ እርሱ ክብር ልጆቹን ማስራብ ክብር ሊሆን አይችልም።

ይህን ማለት ተዝካር ይቅር ማለት አይደለም። ቅዳሴው ይቀደስ፣ ድኻውም ይብላ። ነገር ግን መጠኑ እንደ ቤቱ አቅም እንዲሆን የነፍስ አባቶችና ሽማግሌዎች አስቀድመው ቢመክሩ፣ ኀዘንተኛው ራሱ ድግሱን በመቀነሱ አይታማም፤ ያገር ምክር ሆኖ ይቈጠርለታልና። ደግሞም ሀብት ያለው ቤት ከድግሱ ወጪ ጥቂቱን ከፍሎ የመንደሩን ምንጭ በድንጋይ ቢያሠራ፣ ወይም ለትምህርት ቤቱ ልጆች መቀመጫ ቢያበጅ፣ የሟቹ ስም በየቀኑ ውሃ በሚቀዳና ፊደል በሚቈጥር ሰው ዘንድ ይጠራል።

ሳይጻፍ ስለሚቀረው ነገር

አሁን ወደ ጽሑፋችን ዋና ነገር እንመለስ። ከዚህ በላይ የተነገረው ልቅሶ፣ ፍትሐትና ተዝካር ሁሉ በደንብ ተፈጽሞ ሳለ የሟቹ ሥራ ሊረሳ ይችላል። ለምሳሌ ያህል ይህን እናስብ። በሁለት መንደሮች መካከል ስለ ከብት ማጠጫ ውሃ ጠብ ተነሥቶ ሰው ሊሞት ሲል፣ አንድ ሽማግሌ ሁለቱን ወገን አስማምተው ቀን ከፍለው ሰጧቸው። እርሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ክርክር በተነሣ ቍጥር «እርሳቸው ይጠየቁ» ይባል ነበር። ሲሞቱም ሁለቱ መንደሮች አብረው አለቀሱላቸው፤ ትልቅ ተዝካርም ወጣ። ነገር ግን የስምምነቱን ቃል የጻፈ አልነበረም። ምስክሮቹም ተራ በተራ ሞቱ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቹ በዚያው ውሃ ዱላ ተማዘዙ፤ እያንዳንዱም «ሽማግሌው የፈረዱት ለእኛ ነው» ይል ጀመር። እንዲህ ከሆነ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ሞቱ ማለት ነው፤ መጀመሪያ በሥጋቸው፣ ኋላም በሥራቸው።

ቀድሞ በዚህ አገር የትውልድ ቈጠራ በደንብ ይጠበቅ ነበር። ምክንያቱም በርስት ሥርዐት መሬት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ዘር መሆንን በመቍጠር ስለ ነበረ ነው። ትውልድ የሚቈጥር ሽማግሌ በዳኛ ፊት ታላቅ ምስክር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ ግን ዘር በመቍጠር መሬት መጠየቅ ቀረ። ሕጉ ባላገሩን ከብዙ ክርክር አሳርፎታል፤ ነገር ግን አያት ቅድመ አያትን የማወቅ ልማድ ከዚያ ወዲህ እየደከመ ሄደ። ዛሬ ብዙ ልጅ ከአያቱ በላይ ያለውን ስም አያውቅም።

ጊዜውም አይጠብቅም። ከ1928 ዓ.ም. እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በየዱሩ ከጠላት ጋራ የታገሉት አርበኞች ትውልድ አልፏል ማለት ይቻላል። ከእነርሱ ውስጥ ስማቸው በመጽሐፍ የገባው ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ስንቅ የተሸከሙላቸው፣ ቍስለኛ የሸሸጉላቸው ባላገሮችና ሴቶች ግን ሳይጻፉ ቀሩ። በ1977 ዓ.ም. ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ የ25 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ከ60 ዓመት አልፏል። በዚያ ጊዜ ያለችውን ጥቂት እህል ከጎረቤቱ ጋራ የተካፈለው ማን እንደ ነበረ፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ማን እንዳሳደጋቸው የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው። አሁን ካልተጠየቁ እንደ አርበኞቹ ስንቅ ተሸካሚዎች ታሪካቸው ይጠፋል።

የሞቱትን በቃልና በጽሑፍ ማመስገን ጥንታዊ ነገር ነው። በመጽሐፈ ሲራክ በ44ኛው ምዕራፍ የቀደሙት አባቶች ይመሰገናሉ፤ ከእነርሱም መካከል መታሰቢያ ሳይኖራቸው እንዳልተወለዱ ሆነው የቀሩ እንዳሉ በዚያው ተነግሯል። የግሪክ አገር የአቴና ሰዎችም በጦርነት የሞቱባቸውን በአንድነት ሲቀብሩ፣ ከመካከላቸው የተከበረ ሰው መርጠው በመቃብሩ አጠገብ ያናግሩ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት የጀመረው ጦርነት መጀመሪያ ዓመት ሲፈጸም ፔሪክሌስ የተናገረው ንግግር እስከ ዛሬ የሚታወቀው ቱኪዲደስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ስለ ጻፈው ነው። ባገራችንም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የሚባለውን መጽሐፍ አሳትመው የብዙ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ አቈይተዋል፤ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆንም አስበው ነው። እርሳቸው ራሳቸው በስደት ሳሉ በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዐረፉ፤ መጽሐፋቸው ግን ቀርቶ ስማቸውን ይጠራል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚሰበስበው የመሳፍንቱን፣ የመኳንንቱንና የሊቃውንቱን ታሪክ ነው። የገበሬውን አስታራቂና የመንደሩን አዋላጅ የሚጽፍላቸው የገዛ መንደራቸው ካልሆነ ሌላ አይገኝም።

የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

ይህን ሥራ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ጠንካራ ደብተርና አንድ ብዕር ይበቃል። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ወይም ሁለት ገጽ ከተጻፈ መልካም ነው። የሚጻፈውም ይህ ነው።

1ኛ፤ ስም። የሟቹ ስም፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ የእናቱም ስም ከነአባቷ፤ ክርስቲያን የሆነ እንደ ሆነ የክርስትና ስሙ።

2ኛ፤ የተወለደበትና የኖረበት ቦታ። ቀበሌው ብቻ ሳይሆን ጎጡ፣ ወንዙና ደብሩ ይጻፍ፤ የቀበሌ ስም ይለዋወጣል፤ የወንዝ ስም ግን ይቈያል።

3ኛ፤ ዘመን። የልደቱ ዓመት በእርግጥ ካልታወቀ፣ የታወቀ ነገር በሆነበት ዓመት ዕድሜው ምን ያህል እንደ ነበረ ይጠየቅ። ለምሳሌ ጠላት አገር የያዘበት 1928፣ ነጻነት የተመለሰበት 1933፣ አብዮት የሆነበት 1966፣ የመሬት አዋጅ የታወጀበት 1967፣ ረኃቡ የጸናበት 1977፣ የደርግ መንግሥት የወደቀበት 1983 ዓ.ም. ለዚህ ይረዳሉ። በግምት የተገኘ ዓመት «በግምት» ተብሎ ይጻፍ።

4ኛ፤ ሥራ። ያስታረቀው ጠብ፣ ያወጣው ምንጭ፣ ያሠራው መንገድ ወይም ድልድይ፣ ያስተማራቸው ተማሪዎች፣ ያሳደጋቸው የሙት ልጆች። «ቸር ነበር» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ለማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ሰጠ ይጻፍ። ቸርነቱን አንባቢው ራሱ ይፈርዳል።

5ኛ፤ ዕውቀት። ሟቹ ያውቀው የነበረውና ሌላ ሰው የማያውቀው ነገር፤ ይኸውም የወሰን ምልክት፣ የዕርቅ ቃል፣ የዘር ዐይነትና የመዝሪያው ጊዜ፣ የቦታ ስም ትርጓሜ ነው።

6ኛ፤ ምስክሮች። ይህን የተናገሩት እነማን እንደ ሆኑ፣ የጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ የተጻፈበትም ቀን።

ሁሉ ከሞት በኋላ እንዲጠየቅ አይጠበቅ። ከሁሉ የሚሻለው ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ማናገር ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎች በዕረፍት ቀን ወደ አያቶቻቸው ሄደው እንዲጠይቁና ጽፈው እንዲያመጡ መምህሩ ቢያዝዝ፣ ልጁ ጽሕፈት ይለማመዳል፤ ሽማግሌውም መከበራቸውን በዐይናቸው ያያሉ። ለሙት ከሚፈስ ብዙ እንባ በሕይወት ላለ ሰው የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ይበልጣል።

እውነትን ስለ መጠበቅ

ያገራችን ሰው ስለ ሞተ ሰው ጉድለት ለመናገር ሲገደድ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። ይህ የጨዋ ልማድ ነው። ሟቹ ቆሞ መልስ ሊሰጥ አይችልምና ክፉውን እየለቀሙ መጻፍ አይገባም። ነገር ግን ያላደረገውን በጎ ሥራ ማልበስም ሌላ ጥፋት ነው። ሟቹን የሚያውቁ ጎረቤቶች ሐሰቱን በሰሙ ጊዜ እውነቱንም ጭምር አያምኑም። በተለይም አንድ ሰው ያሠራውን ምንጭ ለሌላው መስጠት በሁለት ሙታን መካከል ጠብ ማንሣት ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ይህን ሥርዐት ይጠብቅ። ከአንድ ሰው ብቻ የሰማውን ከሁለተኛ ሰው ጠይቆ ያረጋግጥ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ቃል ይጻፍ። የጻፈውን ለቤተ ሰቡና ለምስክሮቹ አንብቦ ያሰማ፤ ያረሙትንም ያርም። የደም ነገር የሆነ እንደ ሆነ ዕርቁንና ቃሉን ይጻፍ እንጂ፣ ማን ማንን እንደ ገደለ ዘርዝሮ የተዘጋውን ቍስል አይክፈት። ለነፍስ አባት የተነገረ ምሥጢርና የቤት ውስጥ ገመና በዚህ ደብተር አይግባ።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ሽማግሌዎች ሲጠየቁ የወንዶችን ስም አስቀድመው ይጠራሉ። መምህሩ «ከሴቶችስ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይለፍ። አዋላጅዋ፣ ፈታይዋ፣ ባልዋ ሞቶባት ልጆች ያሳደገችው፣ በልቅሶ ሙሾ የምታወርደው፣ እነዚህ ሁሉ ገጽ ይገባቸዋል።

ለምሳሌ የሚሆን ጽሑፍ

«አቶ እገሌ የእገሌ ልጅ፤ እናታቸው ወይዘሮ እገሊት ይባላሉ። የክርስትና ስማቸው ወልደ እገሌ ነው። የተወለዱት በእገሌ ጎጥ፣ ከእገሌ ወንዝ ማዶ ነው። የልደታቸው ዓመት በእርግጥ አልታወቀም፤ ነገር ግን በ1966 ዓ.ም. አግብተው አንድ ልጅ እንደ ነበራቸው ባለቤታቸው ይናገራሉ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በሆነ ጊዜ የነበራቸውን ገብስ ለአምስት ቤት ሰው በቁና እየሰፈሩ እንዳካፈሉ ከአምስቱ ቤት የሦስቱ ልጆች መስክረዋል። የላይኛውና የታችኛው መንደር ስለ ከብት ማጠጫ በተጣሉ ጊዜ፣ የላይኛው ከጧት እስከ ቀትር፣ የታችኛው ከቀትር እስከ ማታ እንዲያጠጣ አስማምተዋል፤ ዋሶቹም እገሌና እገሌ ነበሩ። ቍጡ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ከተቈጡት ሰው ጋራ ሳይታረቁ አያድሩም ነበር። ይህን የተናገሩት እገሌ፣ እገሌና እገሊት ናቸው፤ የጻፈው መምህር እገሌ ነው።»

እንዲህ ያለው ጽሑፍ አጭር ነው፤ የተሸለመ ቃልም የለበትም። ነገር ግን የእህሉን መስፈሪያ፣ የውሃውን ሰዓትና የዋሶቹን ስም ስለ ያዘ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ጠብ ሊያበርድ ይችላል።

ጽሑፉን ስለ ማንበብና ስለ ማስቀመጥ

የተጻፈው ታሪክ በቀብሩ ቀን ወይም በአርባው ቀን በሕዝቡ ፊት ቢነበብ ይገባዋል። ንባቡ ፍትሐቱን እንዳያቋርጥ ጊዜው ከካህናቱ ጋራ በምክር ይወሰን። አልቃሿም ከማልቀሷ በፊት ጽሑፉ ቢነበብላት ሙሾዋ ከእውነተኛው ታሪክ ይወጣል። በዚህም ጽሑፉ ልቅሶውን ያግዘዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጽሑፉ በሦስት ቅጂ ይሁን። አንዱ በቤተ ሰቡ፣ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ ይቀመጥ። በደጋ አገር ወረቀትን የሚያጠፉት እርጥበት፣ ጢስና አይጥ ናቸውና፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተደርጎ ከመሬት ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጥ። መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ደብተሩን ለተተኪው በምስክር ፊት ያስረክብ።

ይህ ደብተር የመንግሥቱን መዝገብ አይተካም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 760 መሠረት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍችና ሞት በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንዲመዘገቡ ተደንግጓል፤ ምዝገባውም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ሊመዘገብ ይገባዋል። የሞት ምስክር ወረቀት ውርስን፣ ጡረታንና የሙት ልጆችን ጉዳይ ለማስፈጸም ስለሚጠቅም፣ ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ይህን ለኀዘንተኛው ቤት ያስረዱ። ሆኖም የመንግሥቱ መዝገብ የሚይዘው ሰው መቼና የት እንደ ሞተ ነው፤ እንዴት እንደ ኖረ የሚይዘው የመንደሩ ደብተር ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ስም በራሱ ከመቃብር በላይ አይቆምም፤ የሚያቆመው ሰው ያስፈልገዋል። ቀድሞ ይህን ሥራ አልቃሽና ትውልድ ቈጣሪ በቃላቸው ሲሠሩት ኖሩ። ዛሬ ፊደል በየመንደሩ ስለ ገባ ሥራው ወደ መምህሩ፣ ወደ ተማሪውና ማንበብ ወደሚያውቀው ሽማግሌ ደርሷል። በአንድ ዓመት አንድ ገጽ እንኳ የጻፈ መንደር ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሠላሳ አባቶችና እናቶች ለልጆቹ ያስረክባል። ያልጻፈ መንደር ግን ሠላሳ መቃብር ብቻ ይኖረዋል።